ዳገቱን የሚወጣው ጎማ ነው

ስለ ጎማ በተማሪዎች መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። «ስለ ሀገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ ማጣት መጻፍ ሲገባችሁ እንዴት ወደ ጎሚስታ ደጃፍ ወረዳችሁ?» የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ተማሪም ይሁን ሸማኔ፣ ነጋዴም ይሁን ነፍሰ ጡር፣ ሕይወቱን ያስያዘው መዳፍ በሚያካክሉ አራት የላስቲክ ቁራጮች ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ብረት፣ ወንበርና ጭነት መካከል መሬቱን የሚነካው ይኸው ብቻ ነውና። የብዙ ሰው ነፍስ የተያዘበት ነገር የብዙ ሰው ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ የጎማ ነገር ለባለ ጋራዥ ብቻ የሚተው አይደለም።

አገራችንን የሚያውቅ ሁሉ ዳገቷን ያውቃል። አርባ ምንጭ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፣ ከባሕር ጠለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ጨንቻ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እንግዲህ ወደ ጨንቻ የሚጓዝ መኪና በዚህች አጭር መንገድ 1,400 ሜትር ያህል ይወጣል ማለት ነው። ሙዙና ማንጎው ከሚበስልበት ሙቀት ተነሥቶ፣ ቀርከሃና አፕል ከሚበቅልበት ጉምና ብርድ ይደርሳል። ከታች አቧራ የነበረው ከላይ ጭቃ ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ ጎማ፣ በአንድ ጉዞ ነው። ሩቅ መሄድ የማይሻ ደግሞ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በዝናብ ቀን የሚወጣውን ባጃጅ ቆሞ ይመልከት፤ ትምህርቱ ይበቃዋል።

በዚህ ዳገት ላይ መኪና ሲያቅተው ሁላችንም የምንሰማው አንድ ፍርድ ነው። «ሞተሩ ደክሟል» ይባላል። ወይም «ሾፌሩ ጀማሪ ነው» ይባላል። ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዘላል፤ ተሳፋሪው «ውረዱና ግፉ» ይባላል። ሞተሩ ግን እየጮኸ ነው፤ የኋላው ጎማም በቦታው እየዞረ ጭቃ ይረጫል። ጎማውን ማዞር የቻለ ሞተር ደከመ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? የጎደለው ጉልበት ሳይሆን ጉልበቱን ለመሬት የሚያስረክበው ነገር ነው። ፈረስ ቢጠነክርም በበረዶ ላይ ኮቴው ካልያዘለት ከቆመበት አይነቃነቅም።

ነገሩን በቁጥር እንየው፤ ተማሪዎች ነንና ቁጥር አያስፈራንም። ከነሰዉና ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ የሚመዝን ሚኒባስ፣ 10 ሜትር ሲሄድ 1 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ቆመ እንበል። የመሬት ስበት ወደ ኋላ የሚጎትተው የክብደቱን አንድ ዐሥረኛ ያህል፣ ማለት በ300 ኪሎ ጉልበት ነው። መኪናው የሚገፋው በኋላ እግሮቹ ከሆነና በእነርሱ ላይ ያረፈው 1,500 ኪሎ ከሆነ፣ እነዚያ ጎማዎች ባሉበት ጸንተው ለመቆም ብቻ የተሸከሙትን ክብደት አንድ አምስተኛ በመያዝ ኃይል መመለስ አለባቸው። ለመነሣት ሲፈልግ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። በየሰከንዱ ፍጥነቱ በሰከንድ አንድ ሜትር እንዲጨምር ቢሻ፣ ይህ ብቻውን 300 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የመያዝ ኃይል ወደ ሁለት አምስተኛ ያድጋል።

ደህና ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ከተሸከመው ክብደት አራት አምስተኛ ያህል ይይዛል። በእርጥብ አስፋልት ላይ ይህ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በእርጥብ ሸክላ አፈር ላይ ሲሆን ግን አንድ አምስተኛም ላይሞላ ይችላል። እንግዲህ ከላይ ያለውን ሒሳብ ያየ ሰው መልሱን ራሱ ያገኘዋል፤ ያ መኪና መነሣት ቀርቶ መቆምም አይሆንለትም።

ከዚህ አንድ ከባድ ነገር ይከተላል፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደንም እርሱ ነው። ጎማው እንደማይዝለት የሚያውቅ ሾፌር ዳገቱን እንዴት ይወጣል? ከታች ተንደርድሮ ነው። አንዴ ከቆመ እንደማይነሣ ያውቃልና አይቆምም። ጠመዝማዛው ላይ አይቀንስም፤ ከፊቱ ከብት ቢገባ ክላክስ ይነፋል እንጂ ፍሬን አይረግጥም። በዶርዜ መንገድ ዳር ደግሞ ማን እንዳለ ሁላችን እናውቃለን፤ ለእንግዳ መኪና የሚጨፍሩና የሚገለባበጡ ሕፃናት አሉ፤ እንጨት አዝለው፣ ጀርባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት የሚያይ እናቶች አሉ። ሰው «ሾፌሩ በፍጥነት አበደ» ይላል። እኛ ግን ከብዙው ፍጥነት በስተጀርባ የተላጨ ጎማ እናያለን። መነሣት የማይችል መኪና መቆምን ይፈራል፤ መቆምን የሚፈራ መኪና ደግሞ ሰው ይገድላል።

በመውረድም ያው ነው። ሲያስነሣ የያዘው ጎማ ሲያቆምም የሚይዘው እርሱ ነው። ፍሬን ጎማውን ያቆማል እንጂ መኪናውን አያቆምም፤ መኪናውን የሚያቆመው መሬትና ላስቲክ ሲተናነቁ ነው። ስለዚህ «ወደ ላይ ካወጣኝ ወደ ታችማ ራሱ ይወርዳል» የሚለው ቀልድ አያስቀንም።

እንግዲህ መልካም ጎማ የትኛው ነው? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ፤ አንዱ የሀብታም ነው፣ ሁለተኛው የድኃ።

የሀብታሙ ስሕተት ጎማን እንደ ጫማ በመልኩ መምረጥ ነው። ሰፊ፣ ጎኑ አጭር፣ ቸርኬው የሚያብረቀርቅ «ፐርፎርማንስ» የተባለውን ጎማ ያስገባና መኪናው የተሻለ የሚይዝ ይመስለዋል። በቦታው ከሆነ እውነት አለው። የዚህ ዓይነት ጎማ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፤ በጥሩ አስፋልት ላይ መሬቱን እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ከቆመበት ሲስፈነጠርም ጉልበት አያባክንም። ዳሩ ግን ለስላሳ በመሆኑ ቶሎ ያልቃል። ጎኑ አጭር በመሆኑ ጉድጓድና ስለታም ጠጠር ሲያገኘው ምቱን የሚያበርድበት የለውም፤ ቸርኬው ይጎብጣል፣ ጎኑም ይቀደዳል። ጥርሱ ለጭቃ አልተሠራምና በሸክላ አፈር ሲሞላ እንደ ተላጨ ጎማ ይሆናል። ስፋቱም በጭቃ ላይ ላዩን ያንሳፍፈዋል እንጂ ወደ ጠንካራው መሬት ዘልቆ እንዲነክስ አያደርገውም። በጎኑ የተጻፈው የፍጥነት ፊደልም የሚናገረው ሌላ ነው፤ «ኤች» 210፣ «ቪ» 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት መቋቋሙን ያመለክታል። በጨንቻ ዳገት በሰዓት 240 የሚሮጥ ካለ ይንገረንና እንመርቀው።

የድኃው ስሕተት፣ ስሕተት ብለን ከጠራነው፣ ጎማን በርካሽነቱ ብቻ መግዛት ነው። በሌላ አገር አገልግሎ የተጣለ ጎማ ታጥቦና በጥቁር ቀለም ተወልውሎ ሲቀርብለት ጥርሱን አይቶ ይገዛዋል። ነገር ግን ላስቲክ በዕድሜ ይደርቃል፤ ጥርሱ ሳያልቅም የመያዝ ኃይሉ ያልቃል። ዕድሜውን ማወቅ ደግሞ የሚከብድ ነገር አይደለም። በጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የሚያልቅ ጽሑፍ አለ፤ ለምሳሌ 3522 ቢል በፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ብዙ ጎማ ሠሪዎች ጥርሱ ቢኖርም እንኳ ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ከመንገድ ይውጣ ይላሉ። ይህን አራት አኃዝ ማንበብ የሚችል ሰው በቀለም አይታለልም።

ለእኛ መንገድ የሚሻለውን ስንፈልግ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ መኪና ምን ያህል ይሸከማል? ሁለተኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በምን ላይ ነው? ሦስተኛ፣ የሚገፋው በየትኛው እግሩ ነው?

ስለ ሸክም። በብዙ ሚኒባሶች ላይ የሚታየው ጎማ «195 አር 15 ሲ» የሚል ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሲ» ለንግድና ለጭነት ተሽከርካሪ የተጠናከረ መሆኑን ታሳያለች። አጠገቧ «106/104» የሚል ካለ፣ አንዱ ጎማ ለብቻው ሲሆን 950 ኪሎ፣ ጥንድ ሆኖ ሲታሰር 900 ኪሎ እንዲሸከም ተፈቅዶለታል ማለት ነው። በዚያ ቦታ ላይ የቤት አውቶሞቢል ጎማ የሚያስር ባለንብረት አለ። ለምሳሌ «91» የሚል ጎማ የሚሸከመው 615 ኪሎ ብቻ ነው። ልዩነቱ በእያንዳንዱ እግር ከ300 ኪሎ ይበልጣል፤ ይህ የአራት አምስት ሰው ክብደት ነው። ጣሪያ ላይ የሚጫነውን ድንችና ቀርከሃ ገና አልቆጠርንም።

ስለ መንገዱ። ግማሽ ጊዜውን በአስፋልት፣ ግማሹን በጠጠርና በጭቃ ለሚሄድ መኪና የሚበጀው ጥርሱ ጥልቅና ሰፋ ሰፋ ብሎ የተከፋፈለ፣ ጭቃውን እየዞረ የሚተፋ ጎማ ነው። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት በጎኑ ከተጻፉበት ለጭቃና ለበረዶ ታስቦ የተሠራ ነው። በአስፋልት ላይ ትንሽ ይጮኻል፤ ነዳጅም ትንሽ ይጨምራል፤ ግን ገበያ ሲመለሱ ሰዉን አያስወርድም። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶና ወደ አዲስ አበባ በአስፋልት ብቻ የሚመላለስ ደግሞ ይህ አያስፈልገውም፤ ለእርሱ ሙቀት የሚችልና በእርጥብ አስፋልት የሚይዝ የመንገድ ጎማ ይበቃዋል።

ስለሚገፋው እግር። ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም፣ ባጃጁም የሚገፉት በኋላ እግራቸው ነው። ትናንሾቹ የቤት መኪናዎች ግን በአብዛኛው በፊት እግራቸው ይጎትታሉ፤ ዳገት ላይ ደግሞ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የፊቱ ይቀልላል፣ ጎማውም ያንሸራትታል። ታዲያ ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የገዛ ሰው የት ይሰራቸው? ለኋላ ገፊው መልሱ ቀላል ነው፤ ከኋላ ይሰራቸው። ለፊት ጎታቹ ግን አራቱንም እኩል ማድረግ ነው የሚሻለው። ያለቀውን ወደ ኋላ የሚልክ ሰው ለመውጣት ሲል የመውረዱን ዕድል ይሸጣል፤ በእርጥብ መንገድ ኋላው የተንሸራተተ መኪና ለመመለስ ከባድ ነውና።

ነፋሱም አይረሳ። ብዙ የጭነት ሾፌር ሸክሙን እንዲችልለት ጎማውን ከልክ በላይ ያስነፋል። ያን ጊዜ ጎማው ሆዱ ይነፋል፤ መሬት የሚነካው መሐሉ ብቻ ይሆናል፤ የመያዝ ኃይሉም ይቀንሳል። ሌላው ደግሞ ጭቃ ላይ እንዲይዝለት ያስተነፍሳል። ቀስ ብሎ በጭቃ ለሚሄድ ይህ ይረዳል፤ ነገር ግን መልሶ ሳያስነፋ ወደ ቆላው አስፋልት ወርዶ ቢሮጥ ጎማው እየተጣጠፈ ይግላል፣ ግሎም ይፈነዳል። የነፋስ መለኪያ በጎሚስታው ሁሉ ዘንድ አለ፤ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

«ይህን ሁሉ ማን ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ እንደ ከበደ ማንም አይክድም፤ ጎማም ከውጭ የሚገባ ነው። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የተቋቋመው፣ ኋላም ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር በሽርክና የሠራውና ሆራይዘን የሚለውን ስም የያዘው የአዲስ ጎማ ፋብሪካ፣ ይህች አገር ጎማ መሥራት እንደምትችል አሳይቷል። ነገር ግን አንድ ፋብሪካ የአገሩን ሁሉ እግር አያጫማም። የታደሰ ጎማም በአግባቡ ከተሠራ ነውር የለበትም፤ በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ የጭነት ኩባንያዎች ይጠቀሙበታል። ነውሩ የተላጨውን በቢላ ቆፍሮ ጥርስ ያለው ማስመሰል ነው፤ ይህ ጎማውን ያሳሳዋል እንጂ አያድሰውም።

ዳሩ ግን ስለ ውድነት ስናወራ ሒሳቡን ሙሉ እናድርገው። ባለንብረቱ በጎማ የቆጠበውን ገንዘብ ማን ይከፍልለታል? ሾፌሩ በእስራት፣ ተሳፋሪው በአጥንቱ፣ መንገደኛው በልጁ ይከፍላሉ። አደጋ ሲደርስ የሚጠየቀው መሪውን የያዘው ነው፤ ጎማውን ያልገዛው ግን እቤቱ ተቀምጧል። ዕለታዊ ገቢ አስገባ ተብሎ የታዘዘ ሾፌር ጎማ ይቀየርልኝ ቢል «ሌላ ሾፌር ሞልቷል» ይባላል። ይህ ፍትሕ አይደለም። ጎማ የመግዛት ሥልጣን ያለው ሰው የጎማ ኃላፊነትም አለበት።

ነገሩ ወደፊትም እየከበደ እንጂ እየቀለለ አይሄድም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ የኤሌክትሪክ መኪናም በአዲስ አበባ መንገዶች ተበራከተ። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ እንደ ቤንዚን ሞተር እስኪሞቅና እስኪዞር አይጠብቅም። በባትሪውም ምክንያት መኪናው ከባድ ነው። ይህ ማለት ጎማው ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ይፈተናል፤ ቶሎም ያልቃል። መኪናው ዘመናዊ ሆኖ ጎማው የተላጨ ከሆነ ዘመናዊነቱ ወደ ገደል ለመድረስ ብቻ ይረዳል።

እንግዲህ የምንጠይቀውን በግልጽ እንናገር። ተሽከርካሪ በየዓመቱ ለምርመራ ሲቀርብ የጎማው ጥርስ በዓይን ሳይሆን በመለኪያ ይታይ። አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በብዙ አገሮች ሕግ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መጣል አለበት፤ በጥርሶቹ መካከል ያለችው ትንሽ ጉብታም ከጥርሱ ጋር እኩል ስትሆን ይህንኑ ትናገራለች። ምርመራው ግን በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ጎማ ደግሞ በወራት ያልቃል። ስለዚህ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ በመናኸሪያው በር ላይ፣ የኋላ ጎማው ያለቀ ተሽከርካሪ ወደ ደጋው እንዳይወጣ ይከልከል። የባለንብረቶች ማኅበራትም ለአባሎቻቸው ጎማ በጅምላ ቢገዙ ዋጋው ይቀልላል፤ ተለውጦ የመጣ ጎማም አይሸጥላቸውም።

ከሌላው ብቻ አንጠይቅም። በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ካደገም ወዲህ፣ በዚህች ከተማ ብዙ መሐንዲስ ወጥቷል። የሰበቃን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ተማሪ፣ ያንኑ ሕግ በመናኸሪያ ለቆመ ረዳት በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ካቃተው ምን ተማረ? መለኪያዋ በኪስ የምትያዝ ናት። የሜካኒካል ተማሪዎች በገበያ ቀን ሁለት ሰዓት ቢሰጡ፣ የሚወጡትን ሚኒባሶች ጎማ ለክተው ለሾፌሩም ለተሳፋሪውም ውጤቱን ቢነግሩ፣ ይህ ለሕዝብ የሚጠቅም ትምህርት ነው። ማኅበራችን ይህን እንዲያስተባብር ሐሳብ እናቀርባለን።

ተሳፋሪው ወገናችንም አንድ ልማድ ያብጅ። ወንበር ለመያዝ ከመሻማቱ በፊት ዞር ብሎ የኋላውን ጎማ ይመልከት። ጥርስ ካላየ አይሳፈር፤ ለጎኑ ሰውም ይንገር። አንድ ሰው ቢወርድ ይስቁበታል፤ ዐሥር ሰው ቢወርድ ግን ባለንብረቱ ጎሚስታ ዘንድ ይሄዳል። ያለቀ ጎማ በአገራችን የታወቀ የክብር ቦታ አለው፤ በረባሶ ሰሪው ይጠብቀዋል። በዚያ ተቆርጦ የባላገሩን እግር ከእሾህ ያድን፤ በዳገቱ ላይ ግን የሰው ነፍስ አይሸከም።